ድል የናፈቀው ገምጋሚ

ሰሞኑን በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ የቀረበ ገምጋሚ የሱዛን ኮሊንስን «ሃንገር ጌምስ» ለወጣት አንባቢያን ሲያስተዋውቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አወድሶ ሲያበቃ ሦስተኛውን፣ «ሞኪንግጄይ»ን፣ ባያነቡት እንደሚሻላቸው መክሯል። እንደ እርሱ አባባል መጽሐፉ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ጀግናዋ ካትኒስም ጦር መምራት ሲገባት ብዙውን ጊዜ በሆስፒታል አልጋ ላይ ታሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ» ተከታታዩን እንደገና መነጋገሪያ ካደረገው ወዲህ ይህን የመሰለ ፍርድ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ በዚህኛው ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

ከተስፋው ልጀምር። ገምጋሚው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ለወጣቶች የጋበዘው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ 24 ልጆች በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት እርስ በርስ እንዲገዳደሉ የሚለቀቁበት፣ ከእነርሱም 22ቱ የሚያልቁበት፣ የ12 ዓመቷ ሩ በጦር ተወግታ የምትሞትበት መጽሐፍ ነው። ይህ ሁሉ ለወጣት የሚመች ንባብ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ እልቂት የተረፈች የ17 ዓመት ልጅ እንቅልፍ ማጣቷና ጓዳ ለጓዳ መደበቋ ነው ጎጂ የሆነው? ይህ ግድያውን ወዶ ሐዘኑን የሚጠላ ሰው አስተያየት ነው፤ ኮሊንስም ይህን ጨዋታ እንደ መዝናኛ የሚያዩትን፣ የገዥዋን ከተማ የካፒቶልን ነዋሪዎች ስትስል በዓይነ ኅሊናዋ የነበረው እንዲህ ያለ ተመልካች ሳይሆን አይቀርም።

«ጦር አልመራችም» የሚለው ክስም ከዚህ አይሻልም። በካፒቶል ላይ የተነሣው አውራጃ፣ የዲስትሪክት 13፣ አማፂያን ካትኒስን የሚፈልጓት ለመሪነት ሳይሆን ለምስሏ ነው። ፊቷን ቀብተው፣ የጦር ልብስ አልብሰው፣ ሰው ሠራሽ ጭስ ለቀው ስቱዲዮ ውስጥ መፈክር ሲያሰሟት ነገሩ አልሆን ይላል፤ ስለዚህ ካሜራ አስከትለው በዲስትሪክት 8 ወዳለ የቁስለኞች ማረፊያ ይወስዷታል፤ ማረፊያው በቦምብ ሲጋይም ቁጣዋን ቀርጸው በአየር ላይ ያውሉታል። ልጅቷ ሰንደቅ ይዛ ከፊት እንድትሮጥ የናፈቀ አንባቢ፣ የአማፂያኑ የፕሮፓጋንዳ ክፍል የሚናፍቀውን ነው የናፈቀው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ገምጋሚው ስለ ዲስትሪክት 13 መሪ፣ ስለ ፕሬዚዳንት ኮይን፣ አንዲት ቃል እንኳ አለመተንፈሱ ነው። ያለ ኮይን ይህ መጽሐፍ የለም። ኮሊንስ የኮይንን ግዛት ጠባይ የምታሳየን በዳቦ ነው፤ ካትኒስ ከካፒቶል የመጡትን አስዋቢዎቿን በዲስትሪክት 13 ምድር ቤት፣ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ታስረው ታገኛቸዋለች፤ ጥፋታቸውም ከተመደበላቸው በላይ ዳቦ መውሰዳቸው ነው። ከዚህች ክፍል በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሰንሰለቱ ተከታይ ነው። የልጅነት ጓደኛዋ ጌል ከመሣሪያ ፈልሳፊው ከቢቲ ጋር ሆኖ አንድ ወጥመድ ይነድፋል፤ መጀመሪያ አንድ ቦምብ ይፈነዳል፣ ሰው ለመርዳት ሲሮጥ ሁለተኛው ይከተላል። ካትኒስ ልክ ማለፉን ብትነግረው፣ የካፒቶሉ ፕሬዚዳንት ስኖው ከመጀመሪያው ጨዋታ አብሯት በተረፈው በፒታ ላይ ግፍ ሲሠራ የተመራበትን ሕግ እነርሱም እንደተከተሉ ይመልስላታል። በመጨረሻም፣ ቀድሞ በጨዋታው ሜዳ ለተፋላሚዎች ስጦታ ያወርዱ የነበሩት ብርማ ፓራሹቶች በስኖው መኖሪያ ደጅ በታጎሩ የካፒቶል ልጆች ላይ ይወርዳሉ፤ ከፊሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሐኪሞች ይደርሳሉ፣ የቀሩት ይፈነዳሉ። ከሐኪሞቹ መካከል ፕሪም አለች፤ ካትኒስ በመጀመሪያው መጽሐፍ በእርሷ ፈንታ ራሷን ለሞት ያቀረበችላት ታናሽ እኅቷ። አውሮፕላኑ የካፒቶልን ዓርማ ለጥፎ ነበር፤ ስኖው ግን ሥራው የኮይን መሆኑን ይነግራታል፤ ኮይንም ብዙ ሳትቆይ በሕይወት የተረፉትን ሰባት የቀደሙ ጨዋታዎች አሸናፊዎች ሰብስባ፣ የካፒቶል ልጆች የሚገዳደሉበት አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይካሄድ እንደሆነ ድምፅ ታሰጣቸዋለች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል እየሰማ ያደገ ገምጋሚ ይህን ገጽ እንዴት አለፈው? «ያለ ምንም ደም» ብሎ የተነሣው አብዮት፣ ንጉሡን ባወረደ በሦስተኛው ወር፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ በረሸነበት አገር ለሚያድግ ወጣት ኮይንን መከልከል ምን የሚሉት ምክር ነው?

የተማረከውን ስኖውን በአደባባይ እንድትገድል ስትቀርብ፣ ለእርሱ የተወጠረውን ቀስት ወደ ኮይን አዙራ የገደለቻት ያቺው አልጋ ላይ ዋለች የተባለች ልጅ ናት። ለጨዋታው የሰጠችው የድጋፍ ድምፅ ኮይንን ለማዘናጋት መሆኑን የሚጠራጠሩ አንባቢያን አሉ፤ እኔ ለቅጽበት አልጠራጠርም። አንድ ፍላጻ ሁለተኛ ስኖው እንዳይነግሥ ካደረገ በኋላ ጦር ስለ መምራት የሚያወራ ሰው ምን እንደሚፈልግ አይገባኝም።

እርግጥ ነው፣ በካፒቶል የመሬት ውስጥ ቦዮች የሚደረገው ሽሽት ተጣድፏል፤ የትግል ጓዷ የፊኒክ ሞት በጥቂት መስመር መታለፉም ያንገበግባል። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. ለ2014 እና ለ2015 ሁለት ፊልም አድርገው የሰነጠቁት ሰዎች ደግሞ ታሪኩን ካስፈለገው በላይ ጎትተው ስሙን አጥፍተዋል፤ ይህ ግን የደራሲዋ ዕዳ አይደለም።

ገምጋሚው በንግግሩ መጨረሻ፣ የመዝጊያው ክፍል «በግድ የተለጠፈ ደስታ» ነው ብሏል። ካትኒስ ለመውለድ እሺ ያለችው ፒታ ለ15 ዓመት ከለመናት በኋላ ነው፤ ቅዠቱ ዛሬም አለቀቃትም፤ ልጆቿም የሚቦርቁት ሬሳ በተቀበረበት መስክ ላይ መሆኑን አያውቁም። ይህ ደስታ ከሆነ መጽሐፉ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ከሆነም የተለጠፈ ደስታ የለበትም። ከሁለቱ ክሶቹ አንዱን መርጦ ይመለስ።