ማህተም ለዘላለም ይኑር!

«ማስረጃ አምጣ» የምትሉ የድሬዳዋ ባለወንበሮች ሆይ፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ከማራገቢያ ስር ሳትነቃነቁ፣ ሰውን ትታችሁ ወረቀትን ለማመን ላሳያችሁት ጽናት እጅ እንነሳለን። ሰው ይረሳል፣ ይዋሻል፣ ያረጃል። ፋይል ግን አንዴ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም።

ሰሞኑን አንድ አዛውንት የቀድሞ ወታደር በክራንች እየተደገፉ መዝገባቸውን ሊያሳርሙ መጡ። አካል ጉዳተኛ የሚስተናገድበት ክፍል፣ እንደተለመደው፣ ፎቅ ላይ ነው። ወጡ።

ጉዳያቸው እንዲህ ነው። የተወለዱት በ1947 ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። በ1970 ካራማራ ላይ ፈንጂ ቀኝ እግራቸውን ወሰደው፣ ሆስፒታል ከርመው በ1971 ተሰናበቱ። ፋይላቸውን የገለበጠው ጸሐፊ ግን ሰባቷን ስድስት አደረጋትና ስንብታቸው 1961 ሆኖ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ፋይል አይዋሽምና፣ ሰውዬው በ14 ዓመታቸው ከጦሩ በክብር ተሰናብተዋል። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አርፈው ሲያበቁ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በራሳቸው ወጪ ካራማራ ድረስ ሄደው ፈንጂ ረገጡ። ስለዚህ ጉዳቱ «ከግዳጅ ውጪ የደረሰ» ነው። ለምን ሄዱ? መቼም እንደኛ ጅጅጋ ርካሽ ልብስ ሊሸምቱ ይሆናላ። መኪናው ተራራው ላይ ቆም ሲል ለሽንት ወርደው ነው የሚሆነው። ከመስከረም 1970 ጀምሮ ጅጅጋ በሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጦር እጅ ናት፣ ገበያ የለም የሚላቸው ጎረቤት እንኳ አጡ? ሸመታውንስ ልክ ከተማዋ ነፃ በወጣችበት በየካቲት 26 ሰሞን ማድረጋቸው! መንገዱ ሁሉ ታንክ፣ ሰማዩ ሁሉ አውሮፕላን፣ እሳቸው ፌስታል አንጠልጥለው ዋጋ ሊከራከሩ። ደግሞ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ የጦሩ ሐኪሞች ይህን ሸማች አንስተው ማከማቸው፤ ደግነት ነው።

ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ልጅ ፋይሉን ገለጥ አድርጎ አየ። «አባባ፣ እግር እንደሌለህ አይቻለሁ» አለ። (ድሬ አንቱታ አናውቅም፣ በፍቅር ነው።) «ግን የኔ ማየት ማስረጃ አይሆንም። ክፍልህ ይጻፍልህ።»

«ክፍሌ እኮ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አብሮ ተበትኗል።»

«እሺ፣ መበተኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከክፍልህ ይምጣ። ክብ ማህተምና ቲተር ያለበት።»

«ከሌለስ?»

«ፈንጂውን ስትረግጥ በዓይናቸው ያዩ ሦስት ምስክሮች።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ያዩት እኮ እዚያው ተራራው ላይ ቀርተዋል! ነሐሴ 1969 የጠላት ታንክ ድሬ ደጃፍ ደርሶ ሲያጓራ ፊቱ የቆሙት እነማን ነበሩ? ያን ቀን መታወቂያ የጠየቃቸው አለ? በየዓመቱ የካቲት 26 መድረክ ላይ ታወጧቸዋላችሁ፣ ሜዳሊያቸውን እያስተካከላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ በማግስቱ «ማን ልበል?» ትላላችሁ። በሰው ሬሳ ላይ ተረማምዶ የመጣን ሰው አንዲት አሃዝ ለማረም ደረጃ ስታስወጡት አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ሙቀቱ ነው።

ኃላፊው ቢጠየቁ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ስብሰባ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማታውቁ፣ አጀንዳው ቅጠል ነው። አጠገቡ ያለው ባለጠረጴዛ ሻዩን ፉት እያለ «ሐረር ሂድ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር እዚያ ነበር» ብሎ መከረ። «ነበር» ያለውን ራሱም ሰምቶታል፤ ቢሆንም ምክር ምክር ነው።

በመጨረሻ ልጁ አንድ ነገር ትዝ አለው። «አባባ፣ ፋይሉ ስህተት ነው ካልክ ደግሞ እስኪጣራ ያቺ የምትከፈልህም መታገዷ ነው።»

ሽማግሌው ክራንቻቸውን አነሱ። «በቃ ፋይሉ ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«ይቻላል» አለ ልጁ። «ለሱም ማመልከቻ ጽፈህ ና፣ ሁለት ጉርድ ፎቶም እንዳትረሳ።»