የስምንት ባጃጅ ርቀት

አዳማ ውስጥ በሁለት መኪናዎች መካከል የተተወ ክፍተት ባለቤት የሌለው መሬት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያጥረዋል። ርቀቱን ጠብቆ የሚነዳ ሰው ጠንቃቃ አይባልም፣ "ተኝቷል" ነው የሚባለው። የኋላው በጥሩምባ ይቀሰቅሰዋል፤ የጎኑ ባጃጅ ደግሞ ፍሬቻ ሳያሳይ ገብቶ ቦታውን ይረከበዋል።

ሒሳቡ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ዓይን አይቶ፣ እግር ከነዳጅ ተነሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ፣ ለነቃ ሰው አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ስልክ ለሚያወራ ከዚያም በላይ ነው። እንግዲህ ፍሬኑ ሥራ ሳይጀምር 11 ሜትር ሄደ። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ 9 ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ካፊያ የአዳማን አቧራ ከፈሰሰ ዘይት ጋር ለውሶ መንገዱን ሲያሟልጨውማ ይህኛው ቁጥር በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ርቀቱን ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። የፊተኛው መኪና አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" ተብሎ ይቆጠራል። ቆጠራው ሳያልቅ ምሰሶው ጋ ከተደረሰ ቅርብ ነው። በዝናብ እስከ አራት ይቆጠራል። ሁለት ሰከንድ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 22 ሜትር ነው። ባጃጅ ደግሞ 2.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ሾፌሩ እየተጠየቀ ያለው ስምንት ባጃጅ የሚያሰልፍ ቦታ ባዶውን እንዲተው ነው፤ ያውም በአዳማ!

እርግጥ "አንድ ሺህ አንድ" ሲባል አንዱ ይገባል። ያኔ እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ እንደ አዲስ መቁጠር ነው። የገባ ሁሉ የሚወስደው ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ከፖስታ ቤት ፍራንኮ እስኪደረስ አሥር ቢገቡ ኪሳራው 20 ሰከንድ ይሆናል፤ ማኪያቶ እንኳ በዚያ አይደርስም።

በፍጥነት መንገዱ ላይ ነገሩ ይከፋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር ለመቆም በጠቅላላው ከ80 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ እኛ ግን የፊተኛውን ታርጋ ያለ መነጽር በሚነበብበት ርቀት እንከተላለን። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባለተሳቢ ፊት መሰንቀርማ ሌላ ድፍረት ነው። ፍሬኑ በአየር ስለሚሠራ፣ አየሩ እስከ ተሳቢው ጎማ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚያ "ጓ!" ይላል። ሁለት ሰከንድ ያጣ ከተማ ለክርክሩ ግማሽ ቀን ያገኛል።

"ምን ሆነህ ነው ድንገት ፍሬን የያዝከው?"

"ላስፈቅድህ ኖሯል?"

ከቡና ጠጪው መሐል የተነሣ ዳኛ "ከኋላ የመጣ ነው የሚከፍል!" ብሎ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ እኩል እንዳደረሱት ይቆጠራል፣ ጉዳቱንም እኩል ይካፈላሉ። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ርቀት አለመጠበቅ እንዲህ ያለ ጥፋት ነው። የፊተኛውም ወደ ኋላ እየሄደ ከነበረ፣ ድንገት ገብቶ ከቆመ ወይም የፍሬን መብራቱ ከሞተ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። መብራቱን ለማወቅ ማታ መኪናውን በጀርባው ግድግዳ አስጠግቶ ፍሬን መርገጥ ነው፤ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ካልቀላ አምፖል መቀየር፣ ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙንና ከፔዳሉ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ማየት።

ሦስት መኪና ሲደራረብ ደግሞ የመሐለኛው "ተገፍቼ ነው" ይላል። መጠየቅ ያለበት የፊተኛው ነው፦ ስንት ጊዜ ተመታህ? አንድ ጊዜ ከሆነ የመጨረሻው ገፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቴ ከሆነ ግን መሐለኛው አስቀድሞ ራሱ ገጭቷል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ቢጠየቅ ይሻላል፤ እነሱ ከመጡ በኋላ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) እስኪያነሳም ጎማዎቹ ያሉበትንና መሬት የወደቀውን ስብርባሪ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። ስብርባሪው ብዙ ጊዜ ግጭቱ የደረሰበት አካባቢ ነው የሚገኘው፤ አንድ ቸር ሰው "መንገድ እንዳይዘጋ" ብሎ በእግሩ ሳይጠርገው መቅደም ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ "ላሜራ ብቻ ነው፣ ይቃናል" ተብሎ እጅ ይጨባበጣሉ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌላውን ጉዳት እንጂ የገጪውን ኮፈን እንደማይከፍል የሚታወሰው ያኔ ነው። ከኮፈኑ ጀርባ ያለውን ራዲያተር ግን ማንም አላየም። ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚንጠባጠብ ውሃ መኖሩን ያላረጋገጠው ታራቂ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ሁሉንም አመስግኖ ይሄዳል፤ ወንጂ መገንጠያ ሳይደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ይነካና መንገድ መሐል ድንገት ይቆማል። የኋላው ባጃጅ በአንድ ሜትር ርቀት እየተከተለው ነው።