እኔ ጋ አሪፍ ይሰራል

ከልቤ የማደንቃቸው ሰዎች አሉ። ዕድሜ የተጫነው ላፕቶፕ ላይ አዲስ የባቡር ሲሙሌተር፣ ማለትም ባቡር የሚነዱበት ጌም፣ ይጭናሉ፣ ሴቲንጉን በሙሉ እስከ ጥግ ይወስዱታል፣ ከዚያ እንዴት ነው ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «እኔ ጋ አሪፍ ይሰራል» ይላሉ። እንዲህ ያለ እምነት ከየት ይገኛል!

አንዱ ወዳጄ ከእነዚህ ብፁዓን አንዱ ነው። ባለፈው ቤቱ ሄድኩ። ጌሙን ነካ አደረገና ብድግ አለ። ወዴት ነው ስለው «እስኪከፍት ሰውነቴን ልታጠብ» አለኝ። ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ጥፍሩን ቆርጦ መጣ። ገና እየከፈተ ነው። እኛ ጊዜ የለንም እያልን እናማርራለን፤ እሱ ጌም እየተጫወተ ጽዱ ሆኖ ይኖራል።

የመረጠው የሰሜን እንግሊዙን የሴትል–ካርላይል መስመር ነው። እዚያ ሪብልሄድ የሚባል ባለ 24 ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ። ሌላው ሰው ሁሉንም ባንዴ አይቶ ያልፋል፣ ምን ዋጋ አለው? ወዳጄ ጋ ቅስቶቹ ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ መጀመሪያ ግራጫ ጭቃ መስለው፣ ቆይተው ደግሞ ድንጋይ ሆነው። ድልድዩ ሲገነባ ቆመን ያየን ያህል ነው።

የማቀዝቀዣው ፋን ደግሞ ብትሉ! በሁለት መጽሐፍ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠው ላፕቶፕ ሲያጓራ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ድምፅ በነፃ ይገኛል። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑም ይንቀራፈፋል። «አቀበት ይዘን እኮ ነው» ይለኛል። እውነትም መስመሩ አቀበት አለው፣ እንግሊዞቹ ሎንግ ድራግ ይሉታል፣ ረጅሙ ጉተታ እንደማለት። ለላፕቶፑ ያወጡለት ይመስላል።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 8 ፍሬም ከሆነ የምታየው፣ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ከ3 ሜትር በላይ ይዘላል። ሌላው ባቡር ሲነዳ እሱ የፎቶ አልበም ይገልጣል ማለት ነው። ቀጣዩ የመስመር ክፍል ከሃርድ ዲስኩ እስኪጫን ደግሞ 3 ሰከንድ ቀጥ ይላል፣ 80 ሜትር በዓይነ ስውርነት። አንዴ እንዲሁ ቀጥ ብሎ ሲነቃ ቀይ መብራት ጥሶ ኖሯል። የአርባ ደቂቃ ጉዞ አፈር በላ። ተናደደ? ኧረ በጭራሽ! «መብራቱ ድንገት ነው የወጣው» አለና እንደገና ከፍቶ ሊታጠብ ሄደ።

ጥላውንና የእይታ ርቀቱን ብትቀንስስ ብዬ ነበር፣ አወይ ድፍረቴ። «ጥላ የሌለው ባቡር ምኑ ባቡር ነው?» አለኝ። ላፕቶፑ ያለው ራም (ሜሞሪ) 4 ጊጋ ነው። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚያችው ይቆነጥራል፣ ዊንዶውስም ድርሻውን ያነሳል፣ ባቡሩ በፍርፋሪ ያድራል። እሺ፣ ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው የባቡር ጌም አለ፣ መስመሮቹን የሚያጫውት ኦፕን ሬይልስ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፣ ጥላና ርቀቱን ዝቅ አድርገህ እሱን ሞክር አልኩት። «የድሮ ጌም አልወድም» አለኝ፣ ሁለት ፊደል የወለቀበት ኪቦርድ ላይ እጁን አሳርፎ።

የጎረቤቱ ልጅ ምስክርነቱን ሰምቶ ጌሙን በገንዘቡ ገዛ። የልጁ ላፕቶፕ የወዳጄ ላፕቶፕ ታላቅ ወንድም ነው። እንዴት ሆነልህ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «እኔም ጋ አሪፍ ይሰራል» አለኝ።

ያን ዕለት ወዳጄ በሦስተኛው ሙከራ ድልድዩን ተሻገረ። ወዲያው ስክሪኑ ጨለመ። «ብሊ ሙር ዋሻ ገባን» አለኝ ኩራት በተሞላ ድምፅ። ዋሻው 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ ነው። አምስት ደቂቃ ጨለማውን አፍጥጠን አየን። ፋኑም ጸጥ ብሏል።

«ሲያምር!» አለኝ፤ «ድምፁ ሳይቀር ዋሻ ዋሻ ይላል።»