በእግረኛ መንገዳችን ላይ ለሰፈሩት የጠጠር ክምር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጠጠር ክምር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእግረኛ መንገዱን ስፋት በተመለከተ አስተያየትዎን ስለ መጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣነው፣ በደብረ ብርሃን ዳርቻ እየተገነባ ባለው አዲሱ የማኅበር ቤቶች ሰፈራችን የእግረኛ መንገዱ ስፋት ምን ያህል ይሁን በሚለው ጉዳይ ነዋሪው፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱና የቀበሌው ተወካይ ተሰብስበው ሲከራከሩ፣ ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከትዎ እርስዎ ሳይጠሩ መቅረትዎ ስለ ቆጨን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይደነግጋል፤ ቦታው ላይ ቀን የሚውሉት፣ ሌሊትም የሚያድሩት እርስዎ ብቻ ሆነው ሳለ ሐሳብዎን የጠየቀ አለመኖሩ ከአዋጁ መንፈስ ጋር የሚሄድ አልመሰለንም።

ያመለጠዎትን ክርክር ባጭሩ እንንገርዎ። በፕላኑ ላይ የተሰመረው የእግረኛ መንገድ 2 ሜትር ነው። መሐንዲሱ፣ ሁለት ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ሳይጋፉ የሚተላለፉት በዚህ ስፋት መሆኑን፣ ዊልቸር ለሚገፋም ሆነ ሕፃን ላዘለች እናት ከዚህ ያነሰው እንደማይመች በእርጋታ አስረዱ። ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያደረገ ሱቅ ያላቸው ግን፣ ግማሹ ለመኪና ማቆሚያ ካልሆነ ደንበኛ አይመጣም ብለው ድርቅ አሉ። አንድ አባት ደግሞ ብድግ ብለው «ለመሆኑ እግረኛ ማነው? ነገ ሁሉም መኪና ይገዛ የለም ወይ?» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ስብሰባው ሲበተን እሳቸውም እንደኛው በእግራቸው፣ እርስዎን በአስፋልቱ በኩል ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለማስታረቅ ተብሎ 1 ሜትር ከ20 ይሁን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣና ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እርስዎ ግን ያለ አንዳች ስብሰባ ወሰኑ። ሲኖትራኩ ጀርባውን አንሥቶ ካራገፈዎት ማለዳ ጀምሮ የመንገዱ ስፋት ዜሮ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ተቃውሞ ያስመዘገበ ሰው በቃለ ጉባኤው አይገኝም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ታይቷቸው እንደ ነበር ይነገራል፤ እርስዎ ያለ ምንም ምልክት ቆርቁረዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምንኖር ሰዎች ተጨማሪ ከፍታ ፈልገን አናውቅም ነበር፤ ልጆቻችን ግን በማዳበሪያ ከረጢት እየተንሸራተቱ የሚገባውን ምስጋና አቅርበውልዎታል።

በግርጌዎ ዙሪያ ሰርዶ በቅሏል፤ ይዞታ ለመሆን የቀረዎት ካርታ ብቻ ነው። የሐምሌ ዝናብ ከላይዎ ያጠበው ደቃቅ በጎንዎ ያለውን የውሃ መውረጃ ስለ ደፈነው ጎርፉም እንደ እግረኛው በአስፋልቱ ላይ መሄድ ጀምሯል። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት እርስዎ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ይሰበስቡና ከጣርማ በር በኩል የጭነት መኪና አለመምጣቱን አንገታቸውን አስግገው ካዩ በኋላ የአስፋልቱን ጠርዝ በምርኩዛቸው ዳብሰው ይወርዳሉ። ክላክስ የሚነፋባቸውም፣ «እናት፣ ዳር ዳሩን አይሄዱም?» የሚባሉትም እሳቸው ናቸው፤ እርስዎን ቀና ብሎ የተናገረ ሹፌር እስካሁን አልሰማንም።

ስለ ባለቤትዎ ስንጠይቅ ማኅበሩ ወደ ተቋራጩ፣ ተቋራጩ ወደ ቤት ሠሪው፣ ቤት ሠሪው ደግሞ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ይመራናል። ሲሚንቶ ተወዶበት ግንባታው የቆመበት ሰው በእውነት ያሳዝነናል። ይሁንና በግቢው ውስጥ ከአንድም ሁለት ክምር የሚይዝ ባዶ ቦታ እያለ፣ ግቢውን ጠርጎ፣ አበባውን ውሃ አጠጥቶ፣ ጠጠሩን ከአጥር ውጭ በሕዝብ መሄጃ ላይ ያሳደረበትን ምክንያት ከሲሚንቶ ዋጋ ጋር ልናያይዘው ብንሞክርም አልሆነልንም። ያለ ፈቃድዎ ያመጣዎት እሱ ስለ ሆነ ወቀሳውን በሙሉ እርስዎ ላይ መጣል እንደማይገባም እናውቃለን፤ ነገር ግን እሱ ደብዳቤ ስንልክለት አይቀበልም፣ እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜም አድራሻዎ ላይ ይገኛሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝተው የእግረኛ መንገዱ 2 ሜትር ይሁን ወይስ 1 ሜትር ከ20 በሚለው ላይ ድምፅ እንዲሰጡ በትሕትና እንጠይቃለን። መንቀሳቀስ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ስብሰባውን እርስዎ ዘንድ ለማድረግ ዝግጁ ነን፤ ተሰብሳቢው የሚቆምበት ቦታ አስፋልቱ ብቻ በመሆኑ የትራፊክ ፖሊስ እንዲመደብልን በተጨማሪ አመልክተናል።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈሩ እግረኞች

ግልባጭ፦
ትናንት ማታ ከጎንዎ ለተራገፉት ብሎኬቶች
ባሉበት