ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር በረሃ መሀል፣ መንገድ ዳር፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆመናል። ቦታው አሜሪካ ውስጥ ያለችው የኔቫዳ ግዛት ነው፤ 50 ቁጥር የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ። የቫናችን ኮፈን ተከፍቷል። የአደጋ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ 41 መኪና አለፈን። የቆጠረችው ልጄ ናት። የቆመልን 42ኛው ነው።

ስለ 42ኛው በኋላ አወራለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የ41ዱ ነገር ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ነው። 50 ቁጥር ከእኛው አካባቢ ተነስቶ አሜሪካን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ያቋርጣል። መነሻው ላይ ያለው ሰሌዳ «ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ 3073 ማይል» ይላል። ኔቫዳ ሲገባ ሰው ይጠፋል። ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1986 «ከአሜሪካ መንገዶች ሁሉ ጭር ያለው» ብሎ ጽፎበት ነበር። የግዛቲቱ ሰዎች አልተቀየሙም። ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፈው መንገዱ ዳር ተከሉት። ኦስተን ከምትባለው ትንሽ ከተማ እስከ ዩሪካ 70 ማይል ነው፤ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመካከሉ ማደያ የለም። ቤት እንኳ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ይህን አካባቢ በጣም እወደዋለሁ። ይህን ሳልናገር ወደ ቅሬታዬ መግባት አልፈልግም። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ በፌዴራል መንግሥት እጅ ነው። በብዙው ቦታ ማንም ሰው መኪናውን አቁሞ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይችላል። «ከየት መጣህ? ማን ፈቀደልህ?» የሚል የለም። መንገዱ አንዱን ተራራ ወጥቶ ሸለቆ ይወርዳል፤ ደግሞ ሌላ ተራራ ይወጣል። ደጋና ቆላ እያፈራረቀ ነው የሚወስድህ። ሜዳውን የሞላው ግራጫ ቁጥቋጦ የአሪቲ ዘመድ ነው። ማለዳ የቫኑን በር ስንከፍት የሚገባው ሽታ የእናቴን ጓሮ ያስታውሰኝ ነበር።

ቫኑ የ2006 ሞዴል ነው። ድሮ ዕቃ ማመላለሻ ነበር። አልጋ ሠራንለት። ጣሪያው ላይ ሶላር አስገጠምን፣ ትንሽ ምድጃና የውሃ ጋን ጨመርን። አልጋውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከኦስተን 20 ማይል ያህል ርቀን ዳገት ልንጀምር ስንል ከሞተሩ በኩል ሲጥ የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ ዷ አለ። የባትሪው ምልክት በራ። መሪው በአንዴ ድንጋይ ሆነ። የሙቀት መለኪያው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ሁሉን የሚያዞረው አንድ ረጅም ቺንጋ ነው። ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕ፣ የኤሲውን ኮምፕሬሰር፣ ሁሉንም። እሱ ከሄደ አብረው ይሄዳሉ። ጥፋተኛዋ አንዲት ትንሽ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርባት መዘውር፣ ናት። ኩሽኔታዋ ደርቆ አልዞር ብላ ቺንጋውን በላችው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስታፏጭ ሰምቻታለሁ። አቧራ ነው ብዬ ተውኳት። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ ወደ 911፣ አልደወልንም። የተጎዳ ሰው የለም፤ ውሃም ምግብም አለን። የደወልነው መንገድ ላይ ለተበላሸ መኪና እርዳታ እሰጣለሁ ለሚል ድርጅት ነው። አራት ዓመት አባል ነን። በየዓመቱ 129 ዶላር እንከፍላለን። አንዴም ተጠቅመንበት አናውቅም ነበር። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ በዚያ ፀሐይ ወጣሁ።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሑት ናት። በየአፍታው ስሜን ትጠራለች።

«አድራሻህን ልትነግረኝ ትችላለህ?»

«50 ቁጥር ላይ ነኝ። ከኦስተን 20 ማይል ወደ ምሥራቅ።»

«በአቅራቢያህ ያለው መገናኛ መንገድ ማን ይባላል?»

«መገናኛ የለም።»

«አድራሻ ካልሞላሁ ሲስተሙ አያሳልፈኝም።»

ልጄ ከእናቷ ጋር ሄዳ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ምልክት አነበበችልኝ። እዚያ አገር የመንገድ ዳር ምልክት የካውንቲውን ፊደላትና የማይል ቁጥር ይይዛል። እሱን ነገርኳት። ሲስተሙ ተቀበለ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«ተሽከርካሪው ውስጥ የመኝታ ቦታ አለው?»

«አዎ፣ አልጋ አለው።»

ዝም አለች። ኪቦርድ ስትነካ ይሰማኛል። «ይቅርታ፣ ይህ በእናንተ ውል ካምፐር፣ ማደሪያ ያለው መኪና፣ ነው የሚባለው። የአባልነት ዓይነታችሁ ካምፐርን አይሸፍንም።»

ልጅ ይዘናል አልኳት። በጣም አዝናለሁ አለች። አምናታለሁ፤ ሳታዝን አልቀረችም። የአንድ የግል ተጎታች መኪና ስልክ ሰጠችኝ። ሰውዬው ከ120 ማይል በላይ ርቆ ኢሊ ከተማ ነው ያለው። 1,150 ዶላር፣ አምስት ሰዓት ጠብቁ አለ። ከኮረብታው ስወርድ ለባለቤቴ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

መኪና ማለፍ የጀመረው ያኔ ነው። ማለቴ፣ እኛ መመልከት የጀመርነው። ሁሉም ሩቅ ሆኖ ያየናል። ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍሬቻ ያበራል። ወደ ማዶው መስመር ወጥቶ ሰፊ ቦታ ይለቅልናል። አልፎን ሲያበቃ ወደ መስመሩ ተመልሶ ይፈተለካል። አንድም ሰው ክላክስ አላደረገብንም። አንድም ሰው አልሰደበንም። በጣም ነው የተጠነቀቁልን። አንዳንዶቹ እጃቸውን እንኳ አንስተውልናል። ግን አልቆሙም።

ልጄ «አባዬ፣ ለምንድን ነው ማይቆሙት?» አለችኝ። «ስልክ እንዳለን ስለሚያውቁ ነው» አልኳት። ሌላ መልስ አጣሁ።

እዚያ ቆሜ ዓባይ በረሃ ትዝ አለኝ። ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ተማሪ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንመጣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ሞተሩ ፈላ። ያንን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ሽቅብ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። ሾፌሩ ኮፈኑን ገና ሲከፍት ከኋላችን የመጣ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሮቹ አይተዋወቁም። «ምን ሆነብህ?» ብቻ አለው። ካቻቪቴና ቺያቬ ይዞ ነበር የወረደው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቆመ። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳናየው አጠገባችን ነው። ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሮጠ።

እኛ ጋ ችግሩ የሰው ማነስ አይደለም። ሃያው ሰው ሃያ ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ «ውሃውን አሁኑኑ ጨምሩ» ሲል የአይሱዙው ሾፌር እጁን ያዘው። «ቴስታታውን ልትሰነጥቀው ነው እንዴ? ይብረድ!» አለ። ልክ ነበር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የራዲያተሩን ክዳንም በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ነውና። ቺንጋው መላላቱ ሲታወቅ አንዲት ወጣት ከሻንጣዋ ናይለን ስቶኪንግ አውጥታ ሰጠች። ጠምዝዘው አሠሩት። ቀስ እያልን ጎሐ ጽዮን ገባን። አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ሲቆርሱ ለአይሱዙው ሾፌርም «እንካ ልጄ» ብለው ሰጡት።

ኔቫዳ ላይ የባለቤቴን ሻርፕ አየሁት። አይሆንም። የድሮው ቺንጋ አጭር ነበር፤ ሁለት ሦስት ፑሊ ብቻ ነው የሚያያይዘው። የአሁኑ ረጅም፣ ቦይ ቦይ ያለው፣ በስፕሪንግ የሚወጠር ነው። ልኩ ትንሽ ከተዛነፈ ይወረወራል። ራሱን ቺንጋውን ነው መያዝ የነበረብኝ። ዋጋው ከአንድ የምግብ ቤት እራት አይበልጥም። ቫን ይዛችሁ ሩቅ የምትሄዱ ካላችሁ መለዋወጫ ቺንጋ ያዙ። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የቺንጋ አዟዟር ሥዕልም በስልካችሁ አንሱት፤ ያለ እሱ በየትኛው ፑሊ ከላይ፣ በየትኛው ከታች እንደሚዞር መገመት ከባድ ነው።

አገር ቤት ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ያን ቀን አውቶቡሳችን ሲነሳ ረዳቱ ታኮ ያደረጋቸውን ሁለት ድንጋዮች መንገዱ ላይ ጥሏቸው ሄደ። ማናችንም አንሳቸው አላልነውም። እኔም አላልኩም። የአክስቴ ልጅ ከአዋሽ ወደ አዳማ ሲመጣ፣ ማታ፣ ያለ መብራት ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ውስጥ ገብቶ ነው የሞተው። ከጭነት መኪናው ኋላ ማስጠንቀቂያ ተብሎ የተቀመጠው የቅጠል ጉንጉን ነበር። በጨለማ ቅጠል ማን ያያል? እዚህ እኛ ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን አንፀባራቂ ዘርግተናል። ልጄ ሳትቀር የሚያበራ ሰደርያ ለብሳለች። ያ ነገር አዋሽ መንገድ ላይ ቢኖር የአክስቴ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ይሆን ነበር። ሾፌር የሆናችሁ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ድንጋዩን አንሱ።

42ኛው መኪና ከሰላሳ ሜትር ራቅ ብሎ ቆመ። ፒክአፕ ነው። ሰውዬው አልወረደም። መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አድርጎ «ደህና ናችሁ?» አለ። እኔም አልተጠጋሁም። እጄን ወደ ጎን ዘርጋ አድርጌ ባለሁበት ነገርኩት። ሁለታችንም እየተጠባበቅን ነበር። እሱ ምን እንዳሰበ አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ጥቁር ሰው መሆኔን ነው።

ወረደ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ላም አርቢ ነው። ሞተሩን አየና «ቺንጋና ፑሊ» አለ። በካቦ አስሮ አራት ማይል ጎትቶ ግቢው በር ላይ አቆመን። ልጁ ኢሊ ከተማ ነበር። ደውሎለት በማግስቱ ዕቃውን ይዞ መጣ። 94 ዶላር፣ ከነደረሰኙ። አባትና ልጅ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ገጠሙት። ለድካማቸው ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። ባለቤቴ ቡና አፈላችላቸው፤ ሁለተኛውንም ጠጡ።

ስንሰነባበት አንድ ነገር አለኝ። «ልጅቷን ስላየሁ ነው የቆምኩት። ብቻህን ብትሆን አልቆምም ነበር። በዚህ ዘመን ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም።» ክፋት የለውም። እውነቱን ነው የነገረኝ። መልካም ሰው ነው፤ እስክሞት አልረሳውም። ግን ቃሉ እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ። ብቻዬን ብሆን ኖሮስ? ልጅ የሌለው ሰው ኮፈን ከፍቶ ቢቆም ማን ሊደርስለት ነው?

ሳክራሜንቶ ከተመለስን በኋላ ለድርጅቱ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያንኑ አሉኝ። አልጋ ስላለው ካምፐር ነው። አልጋው ምን አደረገ? የተበጠሰው ቺንጋ ነው! አልጋውን ነቅለን ብንጥለው ቺንጋው ያው ቺንጋ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ገንዘባችንን ሲቀበሉ አልጋ አለው ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። የጠየቁን ልጄን ይዤ በረሃ ላይ በቆምኩበት ሰዓት ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል አሉኝ። ገልጬ አየሁት፤ እውነት ነው፣ 14ኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። በሁለተኛው ሳምንት በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል የሚል መጠይቅ ላኩልኝ። ከ1 እስከ 10። 1 ሞላሁ። አባልነቱንም ዘጋሁት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላም አርቢው ግቢ የወጣን ዕለት ዩሪካን አልፈን ስንሄድ ዳር ይዞ ኮፈን የከፈተ ትንሽ መኪና አየን። ልጄ ከኋላ «አባዬ ቁም! አባዬ ቁም!» አለች። ቆምኩ። ሰላሳ ሜትር ራቅ ብዬ። ወጣት ልጅ ነው፣ ብቻውን፣ መሪው ላይ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግቷል። ወደ እሱ ስራመድ በሩን ሲቆልፍ ሰማሁት። ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ አሳየኝና ራሱን ነቀነቀ። ደውያለሁ ማለቱ ነው።

ከቫኑ አንድ ጋሎን ውሃ አምጥቼ የፊት ጎማው አጠገብ አስቀመጥኩለት። እጄን አንስቼ ተመለስኩ።

«ለምንድን ነው ያልከፈተው?» አለች ልጄ።

«ፈርቶ ነው» አለቻት እናቷ።

«ማንን?»

መኪናውን አስነሳሁ። ጥቂት ሄደን በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ልጁ በሩን ከፍቶ ወርዷል። ውሃውን አንስቶ ቆሞ እየጠጣ ነው።