ምሳሌ መራጮቻችን ይክበሩልን

ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሠርተው በነጻ የሚሰጡንን ስናመሰግን ኖረናል። የዛሬው ምስጋናዬ ግን ለኮዱ አይደለም። ዶክመንቴሽኑ ውስጥ፣ ማለትም የአጠቃቀም መመሪያው ውስጥ፣ ለሚገባው ምሳሌ ነው። ምሳሌ መራጮቹን የሚያወድስ ጠፍቶ እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ዝም ማለት ከበደኝ።

እርግጥ ምሳሌ ላልገባው ሰው ነው የሚሉ ኋላ ቀሮች አሁንም አሉ። ዲማና ዋሸራ በሚባሉት ቅኔ ቤቶች ያሉ መምህራን እንደዚያ ናቸው። ተማሪውን ከጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል፤ ሁለት ቤት ብቻ! መምህሩ ራሱ ዘርፎ ያሳየዋል። ተማሪው ቆጥሮ ሲመጣ ያርመዋል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ምን ዓይነት የጊዜ ብክነት ነው? የኛ ዴቨሎፐሮች (ሶፍትዌር ሠሪዎች) ሰልጥነዋል። የመጀመሪያው ምሳሌ «ሄሎ ወርልድ»፣ ማለትም «ሰላም ዓለም» ብሎ ከመጻፍ የማያልፍ የጀማሪ ኮድ ነው፤ ሁለተኛው መወድስ። መሀል ላይ ያለውን ገደል «ቀሪው ግልጽ ነው» የምትል አንዲት መስመር ትሸፍነዋለች።

የስም አወጣጣቸውማ ልዩ ነው። ምሳሌው ውስጥ ላለው ነገር ሁሉ ትርጉም የሌለው ስም ይሰጡታል፤ ፉ፣ ባር፣ ባዝ። የኢንተርኔት ደንቦች በሚወጡበት በአርኤፍሲ ሰነዶች ውስጥ ቁጥር 3092 ስለ «ፉ» አመጣጥ በሰፊው ይተነትናል። የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ነው፤ ፈረንጅ በሚቀልድበት ቀን ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ቀልድ አያውቅም፣ የምሩን ያዘው። ኩንታል፣ ዋጋ፣ ገበሬ ብሎ መሰየም ይቻል ነበር። ችግሩ፣ አንባቢው ቶሎ ይገባዋል።

ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋም አለ። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ ኮሜዲ ስለሆነ ምሳሌዎቹ ውስጥ ስፓምና እንቁላል አይጠፉም። ስፓም የታሸገ የአሳማ ሥጋ ነው። እንግዲህ የደብረ ማርቆስ ተማሪ በዐቢይ ጾም የአሳማ ሥጋ በእንቁላል እየደረደረ ሉፕ (አንድን ትዕዛዝ ደጋግሞ ማስፈጸሚያ) ይማራል። ነፍስ አባቱ ኮድ አለማንበባቸው በጀው።

አንዱን ደግሞ ጠጋ ብዬ ላወድሰው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ላይብረሪ (ሌሎች በሶፍትዌራቸው ውስጥ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ነው፤ ሠሪው የኛው ሰው፣ እጁን ይባርከው። ዶክመንቴሽኑ ላይ አንድ ምሳሌ አለ፤ መስከረም 1 ቀን 2014፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2021። ልክ ነው። ምሳሌ ሲመረጥ እንዲህ ነው፤ የማይሳሳት፣ ማንንም የማያስቸግር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ መዋሉን ማን ጠየቀ? ያን ያመጣችው ጳጉሜን 6 ናት፣ እሷ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ። ለእንግዳ ብሎ ማን ሁለተኛ ምሳሌ ይጽፋል!

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ልጅ ግን ነገር ፈላጊ ሆነ። ለጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ ሲሠራ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደች ሕፃን መጣችበት። ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ድርቅ አለ። እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ፊቱ ቆማለች፤ ልጅቱም በደንብ አለች፣ ታለቅሳለች። ልጁ ምሳሌውን ደጋግሞ ኮፒ ፔስት አደረገ። መስከረም 1 ቆንጆ አድርጎ ይሠራል። በመጨረሻ ልደቷን ጳጉሜን 5 ብሎ አስገባና ሸኛቸው። አያችሁ፣ ጥሩ ምሳሌ የሰው ልደት ሳይቀር ያስተካክላል።

ማታ ለላይብረሪው ባለቤት «ወንድሜ፣ እባክህ ስለ ጳጉሜን አንዲት ምሳሌ ጨምርልን» ብሎ ጻፈለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ኮዱ ክፍት ነው፣ አንብበው።» ልጁም ታዛዥ ነውና ቁጭ ብሎ አነበበ። ጳጉሜን የሚሰላበት መስመር ላይ ሲደርስ ባለቤቱ በአጭሩ ጽፎ የተወለትን ማስታወሻ አገኘ፤ «ለአጠቃቀሙ ዶክመንቴሽኑ ላይ ያለውን ምሳሌ ይመልከቱ።»