የበሬው ስም ማን ነበር?

ሜልቦርን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ለሰው ምክር እሰጣለሁ፣ ቆሻሻ በየቀለሙ በርሜል ለይቼ እጥላለሁ። እንዲህ የሠለጠንሁ ሰውዬ በቴሌግራም 15 ሺህ ብር ተበላሁ። ያውም በእህቴ ልጅ ስም።

ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፣ 10ኛ ክፍል። አንድ ማለዳ መልእክቱ ገባ። «ሰላም ጋሼ። ችግር ገጥሞኝ ነው፣ 15 ሺህ ብር በዚህ ቁጥር በቴሌብር ላክልኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት።» ፎቶው የሱ፣ ስሙ የሱ። ላክሁ።

አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ጎጃሜ ብር ሊጠይቅ ሲነሳ መቼ እንዲህ ዘው ይላል? ጤናህን ጠይቆ፣ የልጆችህን ጠይቆ፣ የዘንድሮው ጤፍ እንዴት እንደሆነ ነግሮህ፣ «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል። የቀረውን አንተ ትፈታለህ። ደግሞ ልጁ እኔን አንቱ ነው የሚለኝ። የቅኔ አገር ሰው ሆኜ «ላክልኝ» ሲለኝ አልነቃሁም!

ማታ ቤት ውስጥ ሳወራ 9 ዓመቷ ልጄ ከሥዕሏ ቀና እንኳ ሳትል «ደውለህ ጠየቅኸው?» አለች። አልደወልሁም። ትምህርት ቤት ያስተማሯት እሱን ነው ለካ። ብር ወይም ኮድ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ፣ ከጓደኛም ቢሆን፣ በሌላ መንገድ አረጋግጪ። ፓስዎርድም የማይገናኙ አራት ቃላት ይሁን ብለዋታል። ጀበና፣ ካንጋሮ፣ ጃንጥላ፣ ረቡዕ ዓይነት። አውስትራሊያ ለኢንተርኔት ደኅንነት ብቻ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አላት፤ ለመምህራን ማስተማሪያ ያዘጋጃል። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ አካውንት እንዳይኖረው ተከልክሏል። የሚቀጣው ኩባንያው ነው፣ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። የ14 ዓመቱ ልጄ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። አሁን በጓደኛው ወንድም ስልክ ያያል መሰለኝ። ምን ታደርገዋለህ።

በጥር አገር ቤት ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ልጁን ማስቀመጥ ነበር። «ኮዱን ለማን ሰጠህ?» አልሁት፤ አካውንቱ በሌላ ስልክ የሚከፈትበትን ቁጥር ማለቴ ነው። የክፍል ጓደኛው «በስህተት ወደ አንተ የሄደ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» ብሎ ጽፎለት ነው። የጓደኛውም አካውንት አስቀድሞ ተሰርቋል። ቴሌግራም ኮዱን ሲልክ ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ ያስጠነቅቃል። በእንግሊዝኛ ነዋ! ልጁ አምስቷን ቁጥር ብቻ አይቶ ላከ።

አይሲቲ ደብተሩን አምጣ አልሁት። የሞኒተር ሥዕል በማስመሪያ ተሰምሯል። ኪቦርዱና ማውሱ ቀስት ወጥቶላቸው ስማቸው ተጽፏል። 10 ከ10 አግኝቷል። ስለ ፓስዎርድ አንድ መስመር የለም። ስለ ስልክ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ይዘህ ከተገኘህ ወላጅ አምጣ። ከ2015 ክረምት በኋላ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ገቡበት። መንገዱን ያሳያቸው ግን የለም። አዋጁማ አለ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008። ሌባው ከተያዘ ነው እሱ።

እህቴ ደግሞ የባሰች ናት። የቁም ሳጥኗን ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ የምትውል ሴት ናት። ዶሮዎቿ ስንት እንደሆኑ ለጎረቤት አትናገርም። «የፌስቡክሽ ፓስዎርድ ስንት ነው?» ብላት «እኔ ምን አውቄ፣ የከፈተልኝ ባለ ሱቁ ልጅ ያውቀዋል» አለችኝ።

ሱቁ ሄድን። ልጁ ትሁት ነው፣ ወንበር አወጣልን። ከመሳቢያው ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተር መዘዘ። የሰፈሩ ሰው ስም በተርታ ተጽፏል፣ ከጎኑ ፓስዎርድ። የሁሉም ፓስዎርድ የራሳቸው ስልክ ቁጥር ነው። «እንዳይረሱት ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክፋት የለበትም። እህቴ ደብተሩን አየችው፤ ከዚያ መቀነቷን ዳበሰች። ማታ ፓስዎርዷን ስንቀይር የፊት በሩን ዘግታ ነው፤ ቃላቱን ለእኔም አላሳየችኝም።

እኛ እኮ ምስጢር መያዝ አልጎደለንም። «የቤትህን ነገር ውጭ አታውራ» እየተባለ ያላደገ ማን አለ? ያን ነገር ስልኩ ላይ ያመጣው መምህር ነው የጠፋው። ደግሞም 15 ሺህ ብሬ።

ከመመለሴ በፊት የቤተሰብ ስምምነት አደረግን። ብር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የአያታችንን በሬ ስም ይናገራል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጻፈልኝ። ጤናዬን ጠየቀ፣ የልጆቼን ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ነገረኝ፣ በመጨረሻ ጫማው እንደተቀደደ ጠቆም አደረገኝ። «የበሬው ስም ማን ነበር?» አልሁት። ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ እማዬን ጠይቄ ልንገርዎት?»

ጫማው ገና አልተላከም።